በጎልማሳ ቆሽት ውስጥ ግንደ ሕዋስ አለ ወይ? ስለ ማስረጃው የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ሐሳብ ነው። ሐሳቡም፣ የጎልማሳ ሰው ቆሽት ኢንሱሊን የሚሠሩ አዳዲስ ሕዋሶችን ሊያስገኝ የሚችል ግንደ ሕዋስ በውስጡ ሸሽጎ ይኖራል የሚል ነው። ግንደ ሕዋስ የምንለው ፈረንጆች ስቴም ሴል የሚሉትን ሲሆን፣ ራሱን እያባዛ የሚኖርና ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸውን ሕዋሶች እንደ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሕዋስ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ በ2000 ዓመት ሊረጋገጥ ጥቂት የቀረው መስሎ ነበር፤ በ2004 አንድ የአይጥ ሙከራ መሠረቱን አናጋው፤ ከዚያ ወዲህም ክርክሩ ቀጥሏል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአንዱ ወገን ማጨብጨብ አይደለም፤ ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ነገር በውነቱ የምን ማስረጃ እንደ ነበረ ማየት ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት መግለጫ ያስፈልጋል። ቆሽት ሁለት ሥራ አለው። ትልቁ ክፍሉ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ እየሠራ በቧንቧዎቹ አማካይነት ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። በዚህ ሥጋ መካከል እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች ደግሞ አሉ፤ ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በ1869 ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ስለ ገለጻቸው (ለኛ ለተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው) የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ ቁጥራቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ይሆናል፤ ክብደታቸው ግን ከጠቅላላው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ኢንሱሊንን የሚሠሩት በእነዚህ ደሴቶች ውስጥ ያሉት ቤታ ሕዋሶች ናቸው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ራሱን ቤታ ሕዋሶች እንደ ጠላት ቈጥሮ ያጠፋቸዋል። ባንቲንግና ቤስት በ1921 በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ካገኙ፣ በ1922 መጀመሪያም ለበሽተኛ ከተሰጠ ወዲህ፣ መርፌው እጅግ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ያድናል እንጂ የጠፋውን ሕዋስ አይመልስም።

የጠፋውን ሕዋስ መመለስ እንደሚቻል በ2000 በካናዳ የኤድመንተን ሐኪሞች አሳዩ። ከሞቱ ለጋሾች ቆሽት ደሴቶችን ለይተው ለሰባት በሽተኞች ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ቢሰጧቸው፣ ሰባቱም መርፌውን ተዉ። ዳሩ ግን ሁለት ችግር ነበረ። አንደኛው፣ ለአንድ በሽተኛ ከአንድ ለጋሽ በላይ ማስፈለጉና የተተከለውን ሰውነት እንዳይጥለው ዘወትር መድኃኒት መውሰድ ግዴታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ውጤቱ አለመዝለቁ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ከታከሙት ያለ መርፌ የቀሩት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄው «ሕዋሱ ይጠቅማል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ሕዋሱ ከየት ይምጣ?» ሆነ።

በዚያው ዓመት ሁለት መልሶች ወጡ። በቦስተን ከጆስሊን የስኳር በሽታ ማዕከል ሱዛን ቦነር ዊር ከባልደረቦቿ ጋር፣ ደሴቶቹ ተለይተው ከወጡ በኋላ ይጣል የነበረውን የሰው ቆሽት ትራፊ፣ ይልቁንም የቧንቧውን ሕዋሶች፣ በላቦራቶሪ አሳደገች። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ደሴት የሚመስሉ እምቡጦች ታዩ፤ የኢንሱሊኑም መጠን ከ10 እጥፍ በላይ ጨመረ። በፍሎሪዳ ደግሞ ራሚያና ፔክ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በአይጥ የቆሽት ቧንቧ ውስጥ ግንደ ሕዋስ አግኝተን ደሴት አሳደግንበት፣ ደሴቱንም የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ላይ ተክለን በሽታውን መለስነው ሲሉ ጻፉ።

እነዚህ ጽሑፎች የወጡበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። በኦገስት 2001 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ከዚያ ቀን በፊት ከተዘጋጁት የፅንስ ግንደ ሕዋሶች በቀር በሌላ ላይ እንዳይወጣ አዘዙ። ፅንስን መንካት ኅሊናቸውን የሚከብዳቸው ሰዎች ብዙዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ለእነርሱ ከጎልማሳ ሰው ቆሽት የሚወጣ ግንደ ሕዋስ ክርክሩን ሁሉ የሚዘጋ መልስ ነበር። ለገንዘብ ሰጪዎቹም፣ ለፖለቲከኞቹም፣ ለበሽተኞቹም እንዲሁ። የኅሊናው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ልንዘብትበት አይገባም። ነገር ግን አንድ ውጤት ለብዙ ሰው ይህን ያህል የሚመች ሲሆን፣ አንባቢው ከወትሮው ይልቅ ቀርቦ ማንበብ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ቀርበን ስናነብ ምን እናገኛለን? የቦስተኑ ሙከራ የተጀመረው ከተቀላቀለ ሥጋ ነው። ከቧንቧ ሕዋሶች ጋር ቀድሞ ደሴት የነበሩ ጥቂት ሕዋሶች ቀርተው ቢሆንስ? ከመቶ አንድ እንኳ ቢቀር፣ ሌሎቹ ሲሞቱ እርሱ ቢተርፍ፣ ወይም ቢባዛ፣ በመጨረሻ የምናየው ያው ነው። ወይም ደግሞ ሥራውን ያወቀ የቧንቧ ሕዋስ ግንድ ሳይሆን መልኩን ብቻ ለውጦ ይሆናል። ሦስቱም መንገዶች ወደ አንድ ሥዕል ያደርሳሉ፤ እርሱም ከቧንቧ አጠገብ የቆመ፣ ኢንሱሊን የያዘ ሕዋስ ነው። በቅዳሜ ገበያ መካከል የቆመን ሰው በፎቶግራፍ አይቶ ከየትኛው መንደር እንደ መጣ መናገር አይቻልም። ቀለም የተቀባ የቆሽት ስላይድ በማይክሮስኮፕ አይቶ የሕዋሱን የትውልድ ሐረግ መናገርም ይህንኑ ይመስላል። እንዲያውም «ከቧንቧ የሚያቈጠቍጥ ደሴት» የሚለው አነጋገር ራሱ በቆመ ሥዕል ላይ የእንቅስቃሴ ቃል የጨመረ ነው። ደሴቱ ከቧንቧው ወጥቶ ይሆናል፤ ወደ ቧንቧው ተጠግቶም ይሆናል።

ስለ ፍሎሪዳው ሥራ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የተተከለባቸው አይጦች የሰውነት መከላከያቸው ቤታ ሕዋስን የሚያጠፋ ዘር ናቸው። አዲሶቹ ቤታ ሕዋሶች ከዚያ ጥቃት እንዴት እንደ ተረፉ ከግንደ ሕዋሱ ነገር የማያንስ ትልቅ ጥያቄ ነበር። የዜናው አቀባበል ግን በዚህ ላይ አልቆመም።

የኢንሱሊን ቀለም እንኳ ብቻውን እንደማይታመን በ2003 ታየ። ይህ ከፅንስ ግንደ ሕዋስ ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። በ2001 ከአይጥ የፅንስ ግንደ ሕዋስ ኢንሱሊን የሚሠራ ሕዋስ አገኘን ተብሎ ነበር። በሃርቫርድ የዳግላስ ሜልተን ላቦራቶሪ ሥራውን ደግሞ ሲመረምር፣ ሕዋሶቹ ያደጉበት ፈሳሽ ራሱ ኢንሱሊን ነበረበት፤ ሕዋሶቹም ያንኑ ከውጭ መጥጠው ይዘውት ኖሯል። ሠሪና ያዥ ተምታተው ነበር ማለት ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም፤ ሕዋስ ኢንሱሊንን በሚሠራበት ጊዜ ሲ ፔፕታይድ የሚባል ትራፊ አብሮ ይቈርጣል፤ ከውጭ የተገዛ ኢንሱሊን ግን ይህ የለውም። ሲ ፔፕታይድ ከሌለ ሠሪ የለም። እንዲህ ያለው ቀላል ፍተሻ መጀመሪያ ላይ መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

በ2004 ከዚሁ ላቦራቶሪ ዩቫል ዶርና ባልደረቦቹ በኔቸር መጽሔት ያወጡት ሥራ ጥያቄውን ከሥዕል ወደ ሐረግ መለሰው። ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ በዚያን ጊዜ ኢንሱሊን በሚሠሩ ሕዋሶች ላይ ብቻ የማይጠፋና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ምልክት የሚያኖሩ አይጦች አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ሒሳብ ነው። እንበል ከ100 ቤታ ሕዋሶች 30ዎቹ ምልክት ተደረገባቸው። ከብዙ ወራት በኋላ አዲስ ሕዋሶች ሲጨመሩ፣ አዲሶቹ ምልክት ከሌለው ግንደ ሕዋስ የሚመጡ ከሆነ፣ ምልክት ያላቸው ድርሻ ከ30 እየወረደ ይሄዳል። ቤታ ሕዋሶች ራሳቸውን የሚያባዙ ከሆነ ግን፣ ምልክት ያለው ምልክት ያለውን፣ የሌለውም የሌለውን ስለሚወልድ፣ ድርሻው እንዳለ ይቈያል። ድርሻው አልወረደም። የቆሽቱ ትልቅ ክፍል በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ እንኳ አልወረደም። መደምደሚያው፣ በጎልማሳ አይጥ አዲስ ቤታ ሕዋስ የሚመጣው በዋናው ከቀድሞው ቤታ ሕዋስ ነው የሚል ሆነ። በ2007 ሌላ ቡድን በሌላ ዘዴ፣ የሚባዙ ሕዋሶችን ሁለት ጊዜ ምልክት እያደረገ፣ ወደዚሁ ውጤት ደረሰ።

ይህን ሥራ ያነበበ ሰው ሁሉ የሙከራውን ውበት ሊያደንቅ ይገባል። ነገር ግን ከወጣ በኋላ «ግንደ ሕዋስ የለም» ተብሎ መጠቀሱ ጸሐፊዎቹ ካሳዩት በላይ ማለት ነው። ሙከራው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ኢንሱሊን ከማይሠራ ሕዋስ ብዙ አዲስ ቤታ ሕዋስ ይመጣል ወይ? ግንዱ ራሱ ጥቂት ኢንሱሊን የሚሠራ ቢሆን፣ እርሱም ከሌሎቹ ጋር ምልክት ይደረግበትና ተሰውሮ ያልፋል። ይህ የክርክር ብልጠት ብቻ አይደለም። በቶሮንቶ የቫን ደር ኩይ ቡድን በ2011፣ በአይጥም በሰውም ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩ፣ ብዙ ዓይነት ሕዋስ የሚያወጡ፣ ጥቂት ሕዋሶች እንዳሉ ጽፏል። በ2012 ደግሞ የታሞክሲፌን ሥራ በደሴቶች ውስጥ ለሳምንታት እንደሚቈይ ታወቀ፤ ስለዚህ «በዚያን ጊዜ» የተባለው ጊዜ እንደታሰበው አጭር አልነበረም። እነዚህ የ2004ን ዋና ውጤት የሚያፈርሱ አይደሉም፤ ድንበሩን ግን ያሳያሉ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ተጐዳ ቆሽት ዞረ፤ እዚህ ላይ ነው ማስረጃው በጣም የተወሳሰበው። በ2008 በብራሰልስ የሃይምበርግ ቡድን የአይጥን የቆሽት ቧንቧ በከፊል በክር ቢያስር፣ ከታሰረበት በኋላ ያለው ክፍል ቤታ ሕዋሱን አበዛ፤ በፅንስ ጊዜ የደሴት ሕዋሶችን የሚያስነሣው ኒውሮጄኒን ሦስት የተባለው ዘረ መልም ተቀሰቀሰ ሲል አስታወቀ። በዚያው ዓመት የቦነር ዊር ቡድን፣ አሁን በሐረግ ዘዴ፣ የቧንቧ ሕዋሶችን ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ሁለት በተባለው ፕሮቲን ዘረ መል አማካይነት ምልክት አድርጎ፣ ከተወለዱ በኋላም ደሴት እንደሚያስገኙ አሳየ። በ2009 ግን የፌረር ቡድን በሌላ የቧንቧ ዘረ መል፣ በ2011 የዛንደር ቡድን በሦስተኛ ዘረ መል ምልክት አድርገው፣ ከልደት በኋላ ቧንቧ ቤታ ሕዋስ አይሰጥም አሉ። በ2013 ሁለት ሌሎች ቡድኖች የቧንቧ ማሰሩን ሙከራ ደግመው፣ ከዚያ አዲስ ቤታ ሕዋስ አላገኘንም ሲሉ ጻፉ።

አንባቢ በዚህ ሊሰለች ይችላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ መጠየቅ ከውጤቱ ይልቅ ይጠቅማል። የሐረግ ሙከራ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ቆሟል፤ ያም «የቧንቧ ሕዋስ» የሚለው ነው። አንዱ ተመራማሪ በአንድ ዘረ መል፣ ሌላው በሌላ ዘረ መል ቧንቧን ሲሰይም፣ ሁለቱ የሰየሙት አንድ ሕዝብ ላይሆን ይችላል። ምልክት የሚደረግበት ድርሻም ከመቶ መቶ አይደለም፤ ያልተነካው ጥቂቱ የሚፈለገው ግንድ ቢሆን ማንም አያየውም። ደግሞም ቧንቧው ሲታሰር የምግብ መፍጫው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ሥጋው ሲያንስ ደሴቶቹ ሳይጨምሩ የበዙ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ «ከመቶ ይህን ያህል» የሚል አኀዝ ባየን ቍጥር፣ ከምን መቶ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። በእኔ ግምት ከ2008 ጽሑፎች ይልቅ የ2009ና የ2011 ማስረጃ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በተለያየ ምልክት የሠሩ ሁለት ቡድኖች ሳይመካከሩ ወደ አንድ ውጤት ደርሰዋልና ነው።

ክርክሩን በሌላ ብርሃን ያሳየው የ2010 የጄኔቫ ሥራ ነው። የኤሬራ ቡድን ከአይጦቹ ቤታ ሕዋሶች ከመቶ 99 እጅ በላይ አጥፍቶ፣ በኢንሱሊን እየረዳ አቈያቸው። በወራት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሕዋሶች ተመለሱ፤ ሐረጋቸው ሲፈለግ ግን ከግንድ አልመጡም፤ ግሉካጎን የሚሠሩት ጎረቤቶቻቸው አልፋ ሕዋሶች ሥራ ለውጠው ነው። ቡድኑ በ2014 ደግሞ በገና ልጅ አይጦች ዴልታ ሕዋሶች ይህንኑ እንደሚያደርጉ አሳየ። እንግዲህ ቆሽት የጠፋውን የሚተካበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው፤ እኛ ግን ለአሥር ዓመት «ግንድ አለ? ግንድ የለም?» ስንል ቆይተናል። ከአንጀትና ከቅልጥም የተወሰደ ቃል ቆሽት ላይ ሳይመረመር ተጣለበት ማለት ይቻላል። በአንጀትና በቅልጥም ሕዋስ በየቀኑ ያልቃልና ግንድ የግድ ነው። ቆሽት ግን እንዲህ ያለ አካል አይደለም።

ይህን የሚያረጋግጠው ደግሞ ስለ ሰው የተገኘው ጥቂት ማስረጃ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተደረጉት የኑክሊየር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት በአየር ውስጥ ካርቦን 14 በዝቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን የተወለደ ሕዋስም ያን ምልክት በውስጡ ይዞ ይኖራል። በ2010 በዚህ ዘዴ የተመረመሩ የሰው ቤታ ሕዋሶች፣ የሚታደሱት በዋናው እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ እንደ ሆነና ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ አሳዩ። አይጥ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ቤታ ሕዋስ ይጨምራል። ስለዚህ ከአይጥ የመጣው «ራሱን ያባዛል» የሚለው መልስ ለአርባ ዓመት በሽተኛ ብዙ የሚያጽናና አይደለም። በሌላ ወገን በጆስሊን ማዕከል ከአንደኛው ዓይነት በሽታ ጋር ከ50 ዓመት በላይ በኖሩ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከመካከላቸው ሲ ፔፕታይድ ያላቸው ተገኝተዋል፤ ከሞቱ በኋላ የተመረመሩትም በቆሽታቸው ቤታ ሕዋስ ታይቷል። እነዚህ ከመጀመሪያው ጥቃት የተረፉ ናቸው ወይስ በኋላ የተወለዱ? የቆመ ሥዕል ይህን ሊነግረን እንደማይችል ከላይ አይተናል፤ በሰው ላይ ደግሞ የአይጡን ዓይነት ምልክት ማድረግ አይቻልም።

ተግባሩ እስከዚያ አልጠበቀም። የሜልተን ቡድን በ2014 ከሰው የፅንስ ግንደ ሕዋስ ስኳርን የሚከታተሉ ቤታ ሕዋሶች በብዛት ሠራ፤ ከዚህ ሥራ የወጣው ሕክምና በ2021 በሰው ላይ ተጀምሮ፣ በ2025 በታተመው ዘገባ ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 በሽተኞች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ነበሩ። በ2024 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ከአንዲት በሽተኛ የገዛ ሰውነት የተወሰዱ የስብ ሥጋ ሕዋሶችን በኬሚካል ወደ ግንድነት መልሰው፣ ደሴት አድርገው ተከሉላት፤ ከ75 ቀን በኋላ መርፌውን ተወች። እርስዋ ግን ቀድሞ ጉበት ተተክሎላት ስለ ነበር የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ የ2025ቱ በሽተኞችም እንዲሁ ይወስዳሉ። ይህን ሳይናገሩ ውጤቱን ብቻ መጥቀስ የ2000ን አንባቢዎች ስሕተት መድገም ነው። የቻይናው መንገድ ፅንስ የማይነካ በመሆኑ፣ ኅሊናቸው የከበዳቸው ሰዎች ከጎልማሳ ቆሽት የፈለጉትን ነገር ከሌላ ቦታ ያገኙ ይመስላል።

የሚያሳዝነው ግን «የጎልማሳ ግንደ ሕዋስ» የሚለው ስም በልዩ ልዩ አገር የስኳር በሽታን እንፈውሳለን ለሚሉ ነጋዴዎች መጠሪያ መሆኑ ነው። ከቅልጥም ወይም ከስብ ያወጡትን ሕዋስ ይወጋሉ፤ ክፍያውን አስቀድመው ይቀበላሉ። ሕዋሱ ቤታ ሆኗል ብለው የሚያሳዩት የሐረግ ማስረጃ የለም፤ ብዙ ጊዜ ሲ ፔፕታይድ እንኳ ከመወጋቱ በፊትና በኋላ አልተለካም። ልጁ የታመመበት አባት ይህን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። የምናውቀው እኛ ነን።

የጎልማሳ ቆሽት ነገር ግን ተዘግቷል ማለት አይደለም። በ2020 ከቻይና የዜንግ ቡድን በአይጥ ደሴት ውስጥ ፕሮሲአር በተባለ ፕሮቲን የሚለዩ፣ ሆርሞን የማይሠሩ፣ በላቦራቶሪ ለብዙ ጊዜ እየተባዙ ደሴት የሚሆኑ ሕዋሶች እንዳሉ በሴል መጽሔት አስታውቋል፤ ይህ ሥራ ከ2004 ሒሳብ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ገና ክርክር ላይ ነው። ከለጋሽ ቆሽት ደሴት በሚለይበት ቦታም፣ ደሴቶቹ ከወጡ በኋላ ከመቶ 98 ያህሉ ሥጋ፣ ቦነር ዊር በ2000 ዓመት ከመጣል ያተረፈችው ያ የቧንቧ ሕዋስ ያለበት ሥጋ፣ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል።